ለአበል የተሰደበች አገር

የቴሌቪዥን ማሰራጫ ቴክኒሻን ደመወዝ ስንት ነው? ቆቦ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ያልጠየቀኝ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አስቀምጦ ጠይቆኛል። መርፌ የሚወጋኝ ነርስ ሱሪዬን ዝቅ ካስደረገኝ በኋላ ጠይቆኛል። የሚገርመው ሁሉም መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። "ዜና የሚያነበው ሰውዬ ያን የመሰለ ሱፍ ከለበሰ፣ እሱን ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ የሚያመጣው ስንት ሊያገኝ ነው!" ይላሉ። በዚህ ስሌት እኔ ከሰውየው የተሻለ ሱፍ ሊኖረኝ ይገባ ነበር። የነበረኝ አንድ ኮት ነው፤ እሱም የታላቅ ወንድሜ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር። የእኛ ደመወዝ መጀመሪያ የሚወሰነው በወረቀት ነው። ከእኔ ጋር የሚሠራው ተሾመ የማሽኑን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የትኛው ዕቃ እንደተቃጠለ የሚያውቅ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ነበር። ዲፕሎማ ግን አልነበረውም። እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንቴ የክፍሉን መብራት አጠፋሁ ብዬ የከተማውን ቴሌቪዥን ያጠፋሁ ሰው ነኝ። በደመወዝ ቀን ግን ከእሱ ከፍ ያለው ቁጥር ላይ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ተሾመ ፊርማዬን አይቶ "እጅህ ያምራል" ከማለት በቀር ሌላ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ እርከን አለ። አለቃ ካስታወሰህ በሁለት ዓመት አንዴ ከፍ ትላለህ፤ ካላስታወሰህ እዚያው ቆመህ ታረጃለህ። ከዚያ ውሎ አበል አለ። እሱ የሚከፈለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነሥቶ ወደ ገጠር ለሚወጣ ነው፤ እዚያው ገጠር ለተቀመጠ ሰው "ገጠር ዋልክ" ብሎ የሚከፍለው የለም። በመጨረሻ ደግሞ የበረሃ አበል አለ። ዳር ዳር የምለው እዚህ ላይ ላለመድረስ እንደሆነ ሳትነቁብኝ አልቀራችሁም።

የበረሃ አበል ማለት ሙቀት በበዛበት ቆላ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ የሚጨመርለት ነው። ቆቦ ደግሞ ሙቀት አላነሳትም። ነገር ግን የእኛ ጣቢያ በዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ "ተራራ" ተብሎ ተመዝግቧል። ተራራ ከሆነ ደጋ ነው ብሎ የደመደመው ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ኮረብታችን ከከተማው ከፍ የምትለው ፍየል ሳታርፍ የምትወጣትን ያህል ነበር። ይባስ ብሎ የማሰራጫው ክፍል ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል። ማሽኑ ሙቀት አይችልማ! ለማሽኑ ያለ ምንም ማመልከቻ ማቀዝቀዣ የገዛ መሥሪያ ቤት፣ ለእኛ ግን ማመልከቻ ጠየቀን።

ጻፍን። የመጀመሪያው ማመልከቻ ሁለት መስመር ነበር፤ "ይሞቃል፣ ይከፈለን" ይላል በአጭሩ። ከአራት ወር በኋላ "የቦታው አስቸጋሪነት በዝርዝር ይገለጽ" የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛውን አንድ ገጽ አደረግነው። "ዝርዝሩ በቂ ሆኖ አልተገኘም" ተባለ። ሦስተኛውን ስንጀምር ተሾመ እንደ ጥሩ ባለሙያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ "ማመልከቻ እንደ ወጥ ነው፤ ካልተቀመመ አይበላም" አለኝ። እሱ ቅመሙን ነገረኝና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ስል የጋሽ ሙሄ ቤት ማለቴ ነው። ጋሽ ሙሄ አከራዬ ናቸው፤ ማሽላ የሚያርሱ፣ በከተማው ዳርቻ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ አስታራቂ ሲፈለግ ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ። ከደብረ ታቦር ሻንጣዬን ይዤ በመጣሁ ቀን ኪራዩን ሳንነጋገር ምሳ አብልተውኛል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳዬም እራቴም ያው ሆነ። እሳቸው ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ነኝና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ለእኔ ብቻ የተለየ ድስት ገዝተው መደርደሪያ ላይ ሰቅለውልኛል፤ ስሙ "የኢንጅነር ድስት" ነው። ፋሲካ ሲደርስ ጋሽ ሙሄ በግ ገዝተው፣ የሚያርድልኝ ክርስቲያን ጎረቤት ጠርተው፣ እኔ ብቻዬን እንዳልበላ ደግሞ ተሾመን ያስጠሩልኛል። "ኢንጅነር" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አይደለሁም ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸው "ኢንሻአላህ ትሆናለህ" ብለውኛል።

እንግዲህ ሦስተኛውን ማመልከቻ የጻፍኩት በእኚህ ሰው ግቢ፣ በእኚህ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። እትዬ ዘሀራ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ፈልፍለው በሰሃን አቀረቡልኝ። አንድ እፍኝ እቅማለሁ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

"...ሙቀቱ ሰውን የሚያስት፣ ጊንጡ ከጫማ፣ እባቡ ከአልጋ ሥር የማይታጣ፣ ውኃ ለጠማው ውኃ የሚያቀብል የሌለበት፣ ምግቡ ለሆድ የማይስማማ፣ ነዋሪውም እንግዳ የማያቀርብ ሲሆን፣ ባጠቃላይ ቦታው ለሰው ልጅ መኖሪያነት ያልተፈጠረ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን።"

በሦስት ዓመት ያየሁት ጊንጥ አንድ ነበር፤ እሱም ሞቶ። "እንግዳ የማያቀርብ" የምትለውን ስጽፍ እትዬ ዘሀራ "ጨመር ላርግልህ?" ብለውኝ ነበር። "ትንሽ" አልኳቸው። አያችሁ፣ ሰው ሲያፍር ሆዱ እንኳን ይዘጋል ይባላል፤ የእኔ አልተዘጋም።

ማመልከቻው ሠራ። "ቦታውን የሚያይ ኮሚቴ ይላካል" የሚል ደብዳቤ መጣልን። ሙቀት የሚለካው ኮሚቴ ግን ሰኔ ላይ ይመጣል ስንል ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጣ፤ የቆቦ ሰው እንኳን ጋቢ በሚደርብበት ወቅት! ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜና እሑድን ያከለ ጉዞ ውሎ አበሉ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ተሾመ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ጎብዬ ሄዶ ስለነበር ኮሚቴውን የምቀበለው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ብቻዬን ስሆን ብልጥ የሆንኩ ይመስለኛል፤ በሽታዬ ነው። ኮሚቴው ወደዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ አበላችን ገደል ገባ ብዬ፣ ከመምጣታቸው ከሁለት ሰዓት በፊት ማቀዝቀዣውን አጠፋሁት። መስኮቱን ዘጋሁ። በሩን ዘጋሁ። ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ እኔ ደስታ በደስታ ሆንኩ።

ሦስት ሆነው መጡ። ሰብሳቢው ቀጠን ያለ፣ የኔን ማመልከቻ ከነፋይሉ በብብቱ የያዘ፣ ቴርሞሜትር በኪሱ የሰካ ሰው ነው። በሩን ስከፍትላቸው ሦስቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ኧረ ይሄ እሳት ነው!" አለ ሰብሳቢው፤ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። እኔ ደግሞ የለመድኩት መስዬ ፈገግ አልኩ። ቴርሞሜትሩን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁጥሩ ሲወጣ በልቤ አዲስ ኮት እለካ ነበር።

በዚህ መሃል ማሽኑ ዝም አለ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ማሰራጫ ማሽን ሙቀት ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ይህን ዲፕሎማዬ ላይ ተምሬዋለሁ፤ "ኤ" ያገኘሁበት ትምህርት ነበር። በዚያች ደቂቃ ደግሞ የእንግሊዝ እግር ኳስ እየተላለፈ ነበር። ከታች ከከተማው "ኡኡ!" የሚል ድምፅ ሲነሣ ኮረብታው ላይ ሆነን ሰማነው። ከኮሚቴው አንዱ "ለቅሶ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሮጬ ማቀዝቀዣውን አበራሁት። ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ አይነሣም። ቆመን እንጠብቃለን። ክፍሉ ለብ አለ፣ ቀዘቀዘ። ሰብሳቢው መሐረቡን ኪሱ ከተተ፤ ትንሽ ቆይቶ የጃኬቱን ዚፕ ዘጋ። ቴርሞሜትሩ ዓይናችን እያየ ወረደ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

ይህን ጊዜ የሰው እግር ድምፅ ሰማሁና በሩን ከፈትኩ። ጋሽ ሙሄ ናቸው! በዚያ ዕድሜያቸው ኮረብታዋን በእግራቸው ወጥተው፣ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለች ትንሽ ጀሪካን ተሸክመው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲያዩኝ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጡና ጭንቅላቴን፣ እጆቼን፣ ትከሻዬን ዳሰሱኝ።

"አልሃምዱሊላህ! አለህ?" አሉ። "ቲቪው ድርግም ሲል ሰዉ ሁሉ ስለኳሱ ይጮሃል፤ እኔ ወላሂ ልጁን ኮረንቲ ያዘው ብዬ ነው የሮጥኩ። ዘሀራ ውኃውን ያዝለት አለች።"

እንግዶቹን አዩና እኔን ትተው ወደ እነሱ ዞሩ። ኩባያውን አለቅልቀው ለሰብሳቢው ቀዱለት። ጠጣ። ደገሙለት። ሁለቱ ባልደረቦቹም ጠጡ። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እኔ በውስጤ፣ ጠጥታችኋል፣ አሁን ሂዱልኝ እላለሁ። ሰብሳቢው ግን ፋይሉን ከብብቱ አወጣ።

"አባቴ፣ የዚህ አገር ሰው ነዎት?"

"ከነአያት ቅድመ አያቴ።"

"እንግዲያው ጥሩ ጊዜ መጡ። ሠራተኞቹ ስለ አካባቢው የጻፉት አለ። አንድ የአገር ሽማግሌ እውነት ነው ብሎ እንዲመሰክር ደንባችን ያዛል።" ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ዜና አንባቢ ቢሆን ያምርበታል። ሙቀቱን አነበበ። ጋሽ ሙሄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጊንጡን አነበበ። እባቡን አነበበ። "ውኃ ለጠማው ውኃ የሚያቀብል የሌለበት" ሲል ባዶው ኩባያ አሁንም በጋሽ ሙሄ እጅ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጸለይኩ። "ምግቡ ለሆድ የማይስማማ" አለ። "ነዋሪውም እንግዳ የማያቀርብ" አለ። አንዲት ቃል አልዘለለልኝም። ለሰው ልጅ መኖሪያነት ያልተፈጠረ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አስታውቆ ጨረሰ።

ጋሽ ሙሄ ኩባያውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

"ይህን የጻፈው ይሄ ልጅ ነው?"

"አዎ። ፊርማው ይኸው።"

"እንግዲያው እውነት ነው" አሉ። "ሦስት ዓመት ቤቴ ተቀምጧል። ይሄ ልጅ አይዋሽም።"

ሰብሳቢው ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። "እንግዳ አያቀርብም የሚለውም?"

"እሱ ካለ ነው። እኛ ሳናውቀው እንሆናለን።"

ቢሰድቡኝ እችል ነበር። አንድ ጥፊ ቢያቀምሱኝ ለዓመት አወራው ነበር። እሳቸው ግን ኩባያውን ጀሪካኗ ላይ ደፍተው፣ "አብሽር፣ ልጄ" ብለውኝ በመጡበት ቁልቁለት ወረዱ። ማሽኑ ያን ጊዜ ተነሣ፤ ከታች ከተማው አጨበጨበ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት የሚያደርሰኝን ባጃጅ ትቼ በእግሬ፣ ያውም ዞሬ ሄድኩ። ከግቢው ስደርስ ጋሽ ሙሄ የክፍሌን ዕቃ በሙሉ አውጥተው ደጅ ደርድረውታል። ተባረርኩ አልኩ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ቢያባርሩኝ ነገሩ ያበቃ ነበር። ለካስ ጊንጥ ፍለጋ ነው! የግድግዳውን ሥር ድንጋይ አንድ በአንድ አገላብጠው፣ ወለሉን በአዲስ ጭቃ ለቅልቀው፣ የራሳቸውን የጠፍር አልጋ ለእኔ ዛፉ ሥር አውጥተው ዘርግተዋል። እትዬ ዘሀራ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሆድህን እያመመህ ነው ሦስት ዓመት የበላህልኝ?" አሉኝ። "በርበሬው ነው? ማሽላው ነው? ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?"

ጋሽ ሙሄ ደግሞ እጄን ይዘው፣ "አፉ በለኝ" አሉኝ። ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው። እኔን! "ቤቴ ውስጥ እንዲህ ስትሰቃይ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም። ከእንግዲህ ኪራይ የሚባል አልቀበልህም። በተሰቃየህበት ቤት ኪራይ ሐራም ነው።"

እንግዲህ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ "እባብ እንኳን ያን ያህል የለም" ብዬ ዘጋሁት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን በየቀኑ ይከብድ ጀመር። እትዬ ዘሀራ በርበሬ የሌለው ወጥ በተለየው ድስት ይሠሩልኛል። ያን አልጫ እንደ በሽተኛ እበላለሁ፤ ከጎኔ እነሱ የሚበሉት ቀይ ወጥ ይሸተኛል፤ "ስጡኝ" እንዳልል ሆዴን ያመኛል ተብሏል። የወሩን ኪራይ በመስኮት ብወረውር በመስኮት ተመለሰልኝ። ተሾመ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "ቅመሙን አበዛኸው" ብቻ አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ውሳኔው መጣ። "የአገር ሽማግሌው የሰጡት ምስክርነት ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ በመለኪያ እንደተረጋገጠው የሥራ ቦታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል" ይላል። የፈራሁትን ያህል አላዘንኩም። እንዲያውም ተገላገልኩ ብዬ፣ ነገሩ እንዲረሳ ለጋሽ ሙሄ "አልተፈቀደም" አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ዛፉ ሥር አራት ሽማግሌዎች ከጋሽ ሙሄ ጋር ተቀምጠዋል። አንዱ እስከ ዋጃ ተልኮባቸው የመጡ ናቸው። መሃላቸው አንድ ንጹሕ ወረቀትና አዲስ እስክሪብቶ አለ። ጋሽ ሙሄ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"አላመኑህም አይደል?" አሉኝ። "አንድ ሽማግሌ ስላልበቃ ነው። አሁን አምስት ሆነናል። እኛ ፊደል አልቆጠርንም፤ አንተ ጻፍልን፣ እኛ እናትማለን። እንዲህ በል፦ እኛ የአገሩ ሽማግሌዎች፣ አገራችን ራያ ለሰው የማትመች፣ እኛም እንግዳ መቀበል የማናውቅ መሆናችንን..."

እዚህ ላይ ቃሉን ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት። የዋጃው ሽማግሌ ወደ መሬት አዩ። አንዱ "ለልጁ ሲባል ነው፣ ቀጥል ሙሄ" አሏቸው። ጋሽ ሙሄ ቀጠሉ፤ "...መሆናችንን እንመሰክራለን።"

እስክሪብቶውን ይዣለሁ። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው። በሕይወቴ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ማታ ግን አፍሬ አላውቅም። አምስት ሽማግሌ ለእኔ ኮት ሲሉ የተወለዱበትን አገር ሊሰድቡ ጣታቸውን ለቀለም አዘጋጅተዋል።

"ጋሽ ሙሄ፣ ዋሽቼ ነው" አልኩ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ጊንጡንም፣ እባቡንም፣ ምግቡንም። ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ከእናንተ የተሻለ ሰው አይቼ አላውቅም። ለአበሉ ብዬ ነው የጻፍኩት። አፉ በሉኝ።"

ቁጣውን ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ሙሄ ግን ብድግ ብለው ወደ ቤቱ ጮኹ፦

"ዘሀራ! ኧረ ዘሀራ! ሆዱን አላመመውም! ውሸቱን ነው!"

"አልሃምዱሊላህ!" አሉ እትዬ ዘሀራ ከውስጥ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የዋጃው ሽማግሌ ወረቀቱን ከጉልበቴ አንሥተው አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ "ንጹሕ ነው፣ ለሌላ ይሆናል" አሉ። ያን ማታ ቀይ ወጥ በላሁ። በርበሬው አስለቀሰኝ፤ በርበሬው ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

ከዚያ ወር ጀምሮ ኪራይ መክፈሌን ቀጠልኩ፤ ጋሽ ሙሄ ያለ አንዳች ቃል ተቀበሉኝ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ ለማንም አላወሩብኝም። የቀየሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ዘሀራ ምግብ አቅርበው እኔ "ይጣፍጣል" ስል ጋሽ ሙሄ ቀና ብለው በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኛል። ደህና አደርኩ ስል ይጠይቁኛል። ቆቦን ለቅቄ በተዛወርኩ ቀን መናኸሪያው ድረስ ሸኝተውኝ፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ፣ "ጋሽ ሙሄ፣ እንደ አባቴ ነው የምወድዎት" አልኳቸው።

ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"የእውነትህን ነው" አሉኝ፣ "ወይስ ለአበል?"